ገረድ ስትሆን ሸለሟት፣ ባለቤት ስትሆን ከሰሷት

የሎስ አንጀለሱ አምባሳደር ሆቴል ጥቁር እንግዳ አይቀበልም ነበር። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1940 ምሽት (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኦስካር ሽልማት በዚሁ ሆቴል ኮኮናት ግሮቭ አዳራሽ ሲሰጥ፣ ከታጩት ተዋንያን አንዷ በሩን እንድታልፍ ብቻ የፊልሙ ፕሮዲውሰር ዴቪድ ሰልዝኒክ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ፈቃዱ ተገኘ። መቀመጫው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የፊልሙ ሰዎች አንድ ትልቅ ጠረጴዛ ከበው ሲቀመጡ፣ ለእሷ ግድግዳ ሥር ትንሽ ጠረጴዛ ተሰናዳላት። እዚያ ከአጃቢዋና ከወኪሏ ጋር ተቀመጠች።

ሃቲ ማክዳንኤል ትባላለች። ስሟ ሲጠራ ፀጉሯ ላይ ነጭ ጋርዴኒያ አበባ እንደሰካች ከጥጉ ተነስታ አዳራሹን አቋርጣ ወጣች። ተዋናይት ፌይ ቤይንተር ሽልማቱን ሰጠቻት። ሃቲ ባጭሩ አመስግና፣ ለዘሯም ለፊልም ኢንዱስትሪውም ሁልጊዜ መኩሪያ እንድትሆን እንደምትመኝ ተናገረች፤ ሳግ ተናንቋት ወረደች። ከዚያም ወደ ጥጓ ተመለሰች።

ኦስካር የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው እሷ ናት። ሁለተኛዋ ጥቁር ሴት ውፒ ጎልድበርግ እስክትመጣ 51 ዓመት ፈጅቷል። በነገራችን ላይ ያን ምሽት ውጤቱ ለማንም ድንገተኛ አልነበረም። ለጋዜጦች ቀድሞ የተሰጠው የአሸናፊዎች ስም ዝርዝር ከሥነ ሥርዓቱ በፊት በጋዜጣ ወጥቶ እንግዶቹ ሲገቡ ያውቁት ነበር። ዛሬ በየዓመቱ የምናየው የታሸገ ፖስታ ልማድ የመጣው ከዚያ ቅሌት በኋላ ነው። ስለዚህ ያቺ ሴት ግድግዳ ሥር የተቀመጠችው፣ ማታውኑ ታሪክ እንደምትሠራ እየታወቀ ነው።

የተሸለመችበት ሚና የገረድ ሚና ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ያቺው ሴት በገዛ ገንዘቧ በገዛችው ቤት ውስጥ በመኖሯ ጎረቤቶቿ ፍርድ ቤት ገተሯት። ስለ ሃቲ ሲጻፍ የኦስካሩ ምሽት ሁሌም ይነሳል። የችሎቱ ጠዋት ግን እምብዛም አይነሳም፤ ሴትየዋን ለማወቅ የሚሻለው ግን እሱ ነው።

ሃቲ በ1893 ዊቺታ፣ ካንሳስ ተወለደች። ከ13 ልጆች የመጨረሻዋ ናት። አባቷ ሄንሪም እናቷ ሱዛንም በባርነት የተወለዱ ሰዎች ናቸው። ሄንሪ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለሰሜኑ ጦር ተዋግቶ፣ ጤናው ተቃውሶ የተመለሰ ወታደር ነበር። ከዚያ በኋላ የጦር ጉዳተኛ ጡረታውን ለማግኘት ለዓመታት ደጅ ጠንቷል። የተወለደበትን ቀን በወረቀት አረጋግጥ ይሉታል፤ ባሪያ ሆኖ የተወለደ ሰው ደግሞ የልደት ወረቀት የለውም። ቤተሰቡ በድህነት ከካንሳስ ወደ ኮሎራዶ ተሰደደ፤ ሃቲም ዴንቨር ከተማ አደገች። እናቷ የሰው ቤት ትሠራ ነበር። ልጅቷም የሰው ቤት ሥራን የተማረችው ከእናቷ ነው።

በ1910 ገና ተማሪ ሳለች በአንድ የግጥም ንባብ ውድድር የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች። ከዚያ ወዲህ መድረክ አለቀቃትም። ከወንድሞቿና ከእህቷ ከኤታ ጋር በየከተማው እየዞሩ ትዘፍናለች፣ ታስቃለች። የሕይወት ታሪኳን ያጠኑ ሰዎች የሚያነሱት አንድ አስገራሚ ነገር አለ፦ ያኔ በጥቁር ተመልካች ፊት ነጮች የሚወዷትን «ማሚ» የምትባል ወፍራም፣ ታማኝ፣ ሳቂታ የባሪያ ሞግዚት እያጋነነች ታላግጥባት ነበር። ኋላ ዓለም ያወቃት በዚያችው ገጸ ባሕርይ ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ዴንቨር ውስጥ በሬዲዮ ዘፈነች፤ ከ1926 እስከ 1929 ባሉት ዓመታት የራሷን የብሉዝ ዘፈኖች ሸክላ አስቀረፀች።

1929 መጣ። የአክሲዮን ገበያው ወደቀ፣ የቴአትር ቡድኖች ተበተኑ። ሃቲ ሚልዋኪ ከተማ አጠገብ ባለ የምሽት ክበብ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ጠባቂ ሆና ተቀጠረች። ፎጣ ማቀበል ነው ሥራው። አንድ ምሽት መድረኩ ላይ ዘፋኝ ሲጠፋ ዘፈነች፤ ከዚያ በኋላ ወደ ፎጣው አልመለሷትም። በ1931 ወንድሟ ሳምና እህቷ ኤታ ወደሚኖሩበት ሎስ አንጀለስ ሄደች። የፊልም ሥራ ሲገኝ ትሠራለች፤ ሳይገኝ የሰው ቤት ታጥባለች፣ ታበስላለች። በአንድ የሬዲዮ ፕሮግራምም ትቀርባለች፤ ከሬዲዮው የምታገኘው ክፍያ ግን ገረድነቱን የሚያስተዋት አልነበረም።

እንግዲህ የሆሊውድን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ስቱዲዮዎቹ ራሳቸው የተቀበሉት የሥነ ምግባር ደንብ ነበራቸው። ደንቡ በጥቁርና በነጭ መካከል የፍቅር ግንኙነት በፊልም እንዳይታይ በግልጽ ይከለክላል። ያ አንድ መስመር ብዙ ነገር ይዘጋል፦ ዋናው ተዋናይ ነጭ ከሆነ፣ ጥቁሯ ሴት አፍቃሪም ተፈቃሪም መሆን አትችልም። የደቡብ ግዛቶች ሲኒማ ቤቶችና የከተማ ሳንሱሮች ደግሞ ጥቁር ሰው እንደ እኩል የሚታይበትን ትዕይንት ይቆርጣሉ። ስቱዲዮ ነጋዴ ነው፤ የሚቆረጥ ፊልም አይሠራም። የቀረው ምንድን ነው? ወጥ ቤት። ሃቲ በሕይወቷ 300 ያህል ፊልሞች ላይ ሳትታይ እንዳልቀረች ይገመታል፤ ስሟ የተጻፈላት ግን በ80 ገደማው ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሽርጥ አስረዋታል።

ሽርጡን ታስራ ግን ዝም አላለችም። በ1935ቱ «አሊስ አዳምስ» ፊልም ካትሪን ሄፕበርን ቤት ለአንድ ምሽት ግብዣ ብቻ የተቀጠረች ገረድ ናት። ሀብታም ለመምሰል የሚፍጨረጨረው ቤተሰብ እራት ሲያቀርብ፣ ሃቲ በፊቷ ብቻ፣ ማስቲካ እያኘከችና ቆብዋ እየተንጋደደ፣ የቤቱን ማስመሰል ሁሉ ታፈርሰዋለች። ንግግሯ ጥቂት ነው። ተመልካቹ ግን ከእሷ ዓይኑን አይነቅልም። ይህ የእሷ ስልት ነበር፦ የተሰጣትን ትንሽ ቦታ እስከ ጠርዙ መሙላት።

ከዚያ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» መጣ። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ታሪክ ከፊልሙ ይልቅ በመጽሐፉ ሳያውቀው አይቀርም። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ልቦለድ በሲጋራ ፓኬት ወረቀቶች ላይ ተርጉሞት፣ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታትሟል። እስረኞች ተስፋ ያገኙበት ይኸው መጽሐፍ፣ በትውልድ አገሩ ለሚኖሩ ጥቁሮች የተገላቢጦሽ ነበር፤ የባሪያ አሳዳሪዎችን ዘመን እንደ ጠፋ ገነት የሚያለቅስ መጽሐፍ። አንድ መጽሐፍ በሁለት እስር ቤቶች ሁለት ትርጉም አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለማሚ ሚና የነበረው ሽሚያ ለስካርሌት ከነበረው ብዙ አያንስም። የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሌኖር ሩዝቬልት ሳይቀሩ የኋይት ሀውስ ሠራተኛቸው ኤልዛቤት ማክዳፊ ሚናው እንዲሰጣት ለሰልዝኒክ ጽፈዋል። ሃቲ ለፈተናው የገረድ ልብስ ለብሳ መጣች ይባላል። ሚናውን አገኘች፤ ደመወዟም በሳምንት 450 ዶላር ሆነ።

ፊልሙ ሲዘጋጅ የጥቁሮች መብት ማኅበር የሆነው የኤን ዶብል ኤ ሲ ፒ ዋና ጸሐፊ ዋልተር ዋይት ከሰልዝኒክ ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር። የጥቁር ጋዜጦችም ጫና ያደርጉ ነበር። ከጭቅጭቁ በኋላ ጥቁሮችን የሚያዋርደው ያ የታወቀ ስድብ ከስክሪፕቱ ወጣ፤ ኩ ክሉክስ ክላን በስሙ እንዳይጠራ ተደረገ። የታሪኩ አጥንት ግን እንዳለ ቀረ። ፊልሙን ያየ ሰው ባርነት ጥሩ ሞግዚቶችና ሞኝ ልጃገረዶች የሚኖሩበት ቤተሰብ ነበር ብሎ ቢወጣ አይፈረድበትም።

ዲሴምበር 15 ቀን 1939 ፊልሙ አትላንታ ከተማ ተመረቀ። ከተማዋ ለቀናት በዓል ሆና ሰነበተች። በጆርጂያ ሕግ ጥቁርና ነጭ አንድ አዳራሽ ስለማይቀመጡ ሃቲም ሆነች ሌሎቹ ጥቁር ተዋንያን አልተጋበዙም። ለደቡብ በታተመው የፊልሙ መጽሔት ላይ የነበረው ምስሏም እንዲወጣ ተደረገ። ክላርክ ጌብል «እሷ ካልሄደች እኔም አልሄድም» ብሎ እንደነበር፣ ለምና ያስኬደችውም ራሷ ሃቲ እንደሆነች ይተረካል። ከምረቃው በፊት በነበረው ምሽት ለነጮች ብቻ በተዘጋጀ ግብዣ ላይ፣ የኤቤኔዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን የባሪያ ልብስ ለብሰው ዘምረዋል። ከመዘምራኑ መካከል የ10 ዓመት ልጅ ነበር፤ ስሙም ማርቲን ሉተር ኪንግ።

ሃቲ በዚያ ፊልም የሠራችውን ዛሬም ያየ ይፈርዳል። በተለይ ልጅቷ ቦኒ ከሞተች በኋላ ማሚ ሜላኒን ይዛ ደረጃውን ስትወጣ፣ እያለቀሰች ቤቱ ውስጥ የሆነውን የምትነግርበት ትዕይንት አለ። የሁለቱ የቤቱ ጌቶች ጭካኔና እብደት በእሷ አንደበት ነው የሚሰማው። በዚያች ደረጃ ላይ ገረዷ የቤቱ ብቸኛ ሙሉ ሰው ትሆናለች። አብራት ደረጃውን የወጣችው ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ በዚያው ዘርፍ ለኦስካር ታጭታ በእሷ ተሸንፋለች።

ቁጣው ከሽልማቱም በፊት ነበር። ጥቁር የቴአትር ሰው ካርልተን ሞስ ለሰልዝኒክ በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ ፊልሙን ክፉኛ ተቸ። በየከተማው ሲኒማ ቤቶች በር ላይ ተቃዋሚዎች ቆሙ። በ1942 ዋልተር ዋይት ራሱ ሆሊውድ መጥቶ ከስቱዲዮ ኃላፊዎች ጋር ተነጋገረ፤ ጥቁሮች ከገረድና ከአሽከር ሌላ እንደ ተራ ዜጋ ይታዩ አለ። ጥያቄው ትክክል ነው። ሐኪም፣ መምህር፣ ወታደር፣ በመንገድ የሚያልፍ ሰው እንኳ ጥቁር ሆኖ አይታይም ነበር። ግን ዋይት ጥቁር ተዋንያኑን ቀድሞ አላማከረም። ስለ እነሱ እንጀራ ከአሠሪዎቻቸው ጋር ምሳ እየበላ ተወያየ። ሃቲና ጓደኞቿ የተቀየሙት በዚህ ነው። ሰውየው ሰማያዊ ዓይንና ነጣ ያለ መልክ ነበረው፤ ነጭ መስሎ ደቡብ ውስጥ እየገባ በጥቁሮች ላይ የሚፈጸመውን የመንጋ ግድያ የመረመረ ደፋር ሰው ነው። ሃቲ ግን፣ እሱን የሚያህል ነጭ መሳይ ሰው ስለ እኛ ሊናገር አይችልም የሚል ነገር ጣል ከማድረግ አልተመለሰችም። ይኼ ነጥብ አያኮራትም።

ሃቲ ለሚተቿት ትሰጠው ነበር የሚባለው መልስ ዛሬም በየቦታው ይጠቀሳል፦ በሳምንት 7 ዶላር እየተከፈለኝ ገረድ ከምሆን በ700 ዶላር ገረድ ሆኜ ብተውን ይሻለኛል። ለጨዋታ ያምራል። ከዚህ ይልቅ ክብደት ያለው ግን በ1947 በሆሊውድ ሪፖርተር ላይ የጻፈችው ነው። ለሠራቻቸው ሚናዎች ይቅርታ ጠይቃ እንደማታውቅ፣ ጥቁሮችን ለማሾፍ የሚጻፈውን የተሰባበረ እንግሊዝኛ ዳይሬክተሮች እንዲተውት ደጋግማ እንዳሳመነች፣ ተቺዎቿም ተመልካቹን ከሚገባው በላይ ሞኝ እንዳደረጉት ጽፋለች።

ማን ትክክል ነበር? ዋይት ስለ ፊልሞቹ ትክክል ነበር። ተመልካቹ ሃቲ እንዳለችው ብልህ አልነበረም፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ነጭ አሜሪካዊ ጥቁር ሴት ሲያስብ ፊቱ ድቅን የምትለው ማሚ ነበረች። ችግሩ ዋይት ጠቡን ከደንቡ ጸሐፊዎችና ከቆራጮቹ አልፎ ወደ ሠራተኞቹ ማድረሱ ነው። እሱ የደገፋት ወጣቷ ሊና ሆርን በዚያው 1942 ከኤም ጂ ኤም ጋር ስትፈራረም የገረድ ሚና እንደማትሠራ አስታወቀች። ስቱዲዮውም ቃሉን ጠበቀ፤ ገረድ አላደረጋትም። ምሰሶ ተደግፋ ዘፈን የምትዘፍንባቸውን ትዕይንቶች ሰጣት፤ ለደቡብ ሲኒማ ቤቶች በመቀስ ቆርጠው ሲያወጧቸው የፊልሙ ታሪክ የማይጎድልባቸውን። ሊና ኋላ እንደተረከችው፣ ሌሎቹ ጥቁር ተዋንያን እንጀራችንን ልትዘጊ ነው ብለው ሲያኮርፏት ቤቷ ጠርታ ያጽናናቻት ሃቲ ማክዳንኤል ነበረች።

እዚህ ላይ ነው ቤቱ የሚመጣው።

ሃቲ በ1940ዎቹ መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ ዌስት አዳምስ ሃይትስ በሚባለው ሰፈር፣ ሳውዝ ሃርቫርድ ቡሌቫርድ ላይ 17 ክፍል ያለው ነጭ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ገዛች። ሰፈሩ በክፍለ ዘመኑ መባቻ ለከተማዋ ባላባቶች የተሠራ ነው። ከ1938 ጀምሮ ገንዘብ የያዙ ጥቁሮች መግባት ጀመሩ፦ የመድን ድርጅት ኃላፊዎች፣ ሐኪሞች፣ ነጋዴዎች፣ እንዲሁም እንደ ሉዊዝ ቢቨርስና ኤቴል ዋተርስ ያሉ ተዋናይት ጎረቤቶች። በኒውዮርክ ሃርለም ካለው የሀብታም ጥቁሮች ሰፈር ስሙን ተውሰው «ሹገር ሂል» አሉት። ሃቲ ትልልቅ ግብዣ ትደግስ ነበር፤ ክላርክ ጌብል ሳይቀር ይመጣ ነበር።

ከ1902 ጀምሮ ግን በሰፈሩ የቤት ውሎች ውስጥ አንድ አንቀጽ ተጽፏል፦ ነጭ ያልሆነ ሰው እዚህ ንብረት አይኖረውም። ይህ የአንድ ሰፈር ጉዳይ አይደለም። ከተሞች በዘር የተከፋፈለ መኖሪያ በአዋጅ እንዳይወስኑ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1917 ሲከለክል፣ ነጮች መንገዱን ቀየሩት። መንግሥት አዋጅ ማውጣት ካልቻለ፣ ጎረቤታሞች በግል ውል ይስማሙ፤ ውሉ ከካርታው ጋር ከገዢ ወደ ገዢ ይተላለፍ፤ ያፈረሰውን ፍርድ ቤት ያስወጣልን። በ1926 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ዓይነት ውል አለፈው። የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤቶች ደግሞ የራሳቸውን ብልሃት ጨመሩበት። በ1919 ባወጡት ውሳኔ፣ ንብረት እንዳይሸጥ መከልከል ሕገ ወጥ ነው፣ እንዳይኖርበት መከልከል ግን ይቻላል አሉ። ልብ ይባል፤ ጥቁር ሰው ቤቱን ሊገዛ ይችላል፣ ግብሩን ሊከፍል ይችላል፣ ሊያድርበት ግን አይችልም።

ከእነዚህ ውሎች ብዙዎቹ አንድ ልዩ ሁኔታ ነበራቸው። በነጭ ባለቤት ቤት ውስጥ ተቀጥሮ የሚኖር የቤት ሠራተኛ ክልከላው አይመለከተውም። ሆሊውድ በፊልም የጻፈው ደንብና የቤት ሻጩ በውል የጻፈው ደንብ በመንፈስ አንድ ናቸው። ወጥ ቤቱ ይፈቀዳል፤ ሳሎኑ አይፈቀድም።

በ1945 አንዳንድ ነጭ ነዋሪዎች ክስ መሠረቱ፤ የሹገር ሂል ጥቁሮች ይውጡልን አሉ። ከነጮቹ ጎረቤቶች ብዙዎቹ ከአዲሶቹ ጋር በሰላም ይኖሩ እንደነበር መናገር ተገቢ ነው፤ ክሱ የጥቂቶች እልህ ነበር። ሃቲ ጎረቤቶቿን በየሳምንቱ ቤቷ መሰብሰብ ያዘች። ገንዘብ ተዋጣ፣ ደጋፊ ተሰባሰበ። ጠበቃቸው ሎረን ሚለር ነበር፤ ጋዜጠኛ የነበረ፣ ብዕሩም ምላሱም የሰላ ሰው። የፍርዱ ቀን በደርዘን የሚቆጠሩ ተከሳሾችና ከ200 በላይ ደጋፊዎች ችሎቱን ሞሉት። ሴቶቹ ለፊልም ምረቃ እንደሚሄድ ሰው ለብሰው ነበር የመጡት።

ዳኛው ተርመንድ ክላርክ ያልተለመደ ነገር አደረገ። ችሎቱን አቋርጦ ክርክር ያለበትን ሰፈር በዓይኑ ለማየት ሄደ። አየው። በማግስቱ ጠዋት መዝገቡን ዘጋው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ ለጥቁር ዜጎች የሚሰጠው መብት ያለ ማንገራገር የሚከበርበት ጊዜ እንደደረሰ፣ ዳኞችም ዋናውን ጥያቄ ከሚገባው በላይ ሲሸሹት እንደኖሩ ተናገረ። ከዚያ በፊት የነበሩ ዳኞች ሁሌ የውሉን ፊርማና ቀን እየመረመሩ በጎን ነበር የሚያልፉት። ክላርክ ሕገ መንግሥቱን ጠርቶ ውሉን ጣለው። ሃቲ ለጋዜጠኞች፣ ምስጋናዬን ቃል አይገልጸውም አለች።

በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ የትኛውም ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ውል ማስፈጸም አይችልም ብሎ በመላ አገሪቱ ወሰነ። በዚያ ችሎት ከተከራከሩት ጠበቆች መካከል ተርጉድ ማርሻልና ሎረን ሚለር ነበሩ፤ የሃቲ ጠበቃ። በኦስካሩ ምሽት መኩሪያ ልሁን ያለችው ሴት፣ ብዙ ሰው ያላየውን መኩሪያ የሆነችው እዚያ ይመስላል። ዋልተር ዋይት የሚመራው ማኅበርና ዋይት የነቀፋት «ገረድ» በቤት ጉዳይ አንድ ረድፍ ላይ ቆመው ነበር፤ ሁለቱ ወገኖች በፊልም ተጣልተው በካርታ ተስማሙ።

በፊልም ግን ዘመኗ እያለፈ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ስቱዲዮዎች ትችቱን ፈርተው የገረድ ሚናዎችን ቀነሱ። በቦታው ግን ለጥቁሮች ሌላ ሚና አልጻፉም። ይህ የዋይት ዘመቻ ያላሰበው ውጤት ነው፤ ሥራው ጠፋ፣ ክብሩ ግን አልመጣም። ሃቲ ወደ ሬዲዮ ዞረች። በኖቬምበር 1947 «ቡላ» የተባለውን የኮሜዲ ፕሮግራም ተረከበች። ቡላ ጥቁር ገረድ ናት፤ ከሃቲ በፊት ድምፅ የሆኑላት ግን ነጭ ወንዶች ነበሩ! ሃቲ በሳምንት 1000 ዶላር ተስማማች፤ በውሏም የተሰባበረ እንግሊዝኛ እንደማትናገር አስጻፈች። በአሜሪካ አገር አቀፍ ሬዲዮ የራሷን ኮሜዲ የመራች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። የዚህኛው ውል አንቀጽ የእሷ ነበር።

በ1951 ፕሮግራሙን ለቴሌቪዥን መቅረጽ ጀመረች። ጥቂት ክፍሎች እንደሠራች ታመመች፤ ሚናው ለጎረቤቷ ለሉዊዝ ቢቨርስ ተላለፈ። የጡት ካንሰር ነበር። አራት ጊዜ አግብታ አንድም ትዳር አልዘለቀላትም፤ ልጅ አልወለደችም። ኦክቶበር 26 ቀን 1952 በፊልም ሠራተኞች ሆስፒታል አረፈች። ዕድሜዋ 59 ነበር።

ኑዛዜዋን ጽፋ ነበር። ነጭ ሳጥን፣ ነጭ መግነዝ፣ በፀጉሯና በእጇ ነጭ ጋርዴኒያ እንዲሆን ጠየቀች። የምትቀበረውም በሆሊውድ መካነ መቃብር እንዲሆን ጠየቀች፤ የፊልም ሰዎች የሚያርፉበት ነው። ሺዎች ቀብሯ ላይ ወጡ። አበባው፣ ሳጥኑ ሆነላት። መካነ መቃብሩ ግን ለነጮች ብቻ ነው ተባለ። በሮዝዴል መካነ መቃብር ተቀበረች።

ንብረቷ ሲቆጠር 10,000 ዶላር አልሞላም። የግብር መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ከ11,000 ዶላር በላይ ዕዳ አለባት አለ። ገማቾቹ ኦስካሩን ዋጋ የሌለው ዕቃ ብለው መዘገቡት። በዚያ ዘመን ለረዳት ተዋንያን የሚሰጠው ሐውልቱ ሳይሆን ትንሽ ሰሌዳ ነበር። ሰሌዳውን ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተናዛለታለች፤ ዋሽንግተን የሚገኘው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው። ሰሌዳው እዚያ ደረሰ፣ በድራማ ትምህርት ክፍል በመስታወት ውስጥ ተቀመጠ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግን አልነበረም። የተቆጡ ተማሪዎች ማሚን ጠልተው ፖቶማክ ወንዝ ጣሉት የሚል ወሬ ለዓመታት ተወራ። ጉዳዩን የመረመሩ የሕግ ፕሮፌሰር ለወሬው ምንም መሠረት አላገኙለትም። ሰሌዳው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ኦክቶበር 1 ቀን 2023 የኦስካር አካዳሚ በምትኩ ሌላ ሠርቶ ለዩኒቨርሲቲው አስረከበ።

ሹገር ሂልም ሰላም አላገኘም። ነጮቹ በውል ያልቻሉትን የከተማ ፕላን ጨረሰው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሳንታ ሞኒካ ፈጣን መንገድ በሰፈሩ መካከል ተዘረጋ፣ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። የሃቲ ቤት ከመንገዱ ተርፎ አሁንም ቆሟል።

በ1999 የሆሊውድ መካነ መቃብር አዲስ ባለቤት አስከሬኗን ወደዚያ ለማዛወር ለቤተሰቧ ሐሳብ አቀረበ። ቤተሰቡ ተወያይቶ መቃብሯ እንዲነካ አልፈለገም። ስለዚህ በግቢው ሐይቅ ዳር ለስሟ የመታሰቢያ ድንጋይ ተተከለ። ከድንጋዩ ሥር ማንም አልተቀበረም። ሃቲ አሁንም ሮዝዴል ናት።